ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረው ሰርቨር

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። መሥሪያ ቤቱ ኬክ ቆረሰልኝ፤ ዳይሬክተሩ ስሜን አጣሞ ጠርቶ ስለ ትጋቴ ተናገረ፤ የጡረታው ወረቀትም በፖስታ ተከተለኝ። ስለ ወረቀቱም ሆነ ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ለመጻፍ የተቀመጥሁት ስለ አንድ ጥፋት ነው። በሥራ ዘመኔ ቁጥራቸውን የማላስታውሳቸውን ማሽኖች ማንም ሳያውቅ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር አዛውሬአለሁ። ከእነዚያ ዝውውሮች አንዱ የአንዲት እናት ሞት ውስጥ ገባ፤ ልጆቻቸውም ይህን ሳያውቁ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። እኔ ግን ያውቃሉ ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ደሴ እባላለሁ። ደምቢያ ውስጥ የሂሳብ መምህር ነበርሁ። አዲስ አበባ ላይ ወራት ስንጠብቅ ከርመን በአውሮፕላን ተጭነን እስራኤል ስንመጣ ዕድሜዬ ሠላሳ ሦስት ነበር። ዕጣችን የናታንያ ከተማ ሆነ። ከባሕሩ በላይ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ከተደረደሩት ሆቴሎች በአንዱ ሁለት ዓመት ሳህን አጠብሁ። ቋንቋውን እንደ ምንም ከለመድሁ በኋላ የኮምፒዩተር ኮርስ ገባሁና በአንድ የኮምፒዩተር ማዕከል የመረጃ ማስቀመጫ ቴፕ ቀያሪ ሆንሁ። ቴፕ ከመደርደሪያ አውርዶ ማሽን ውስጥ መክተት፣ ያለቀውን አውጥቶ መልሶ መደርደር፤ ሥራው ይኸው ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ፣ ዕብራይስጤ ከእሱ ከተሻለ በኋላ እንኳ በእጅ ምልክት ነበር የሚያናግረኝ። እኔም አልተከራከርሁትም፤ ራሴን እየነቀነቅሁ ትክክል የመሰለኝን እሠራ ነበር።

ቤላን ያገኘኋት ከዚያ በኋላ ነው፤ በከተማው ደቡብ በኩል ባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ የማገገሚያ ቤቶችንና የላቦራቶሪዎችን ኮምፒዩተር በሚያስተዳድር ድርጅት ውስጥ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ቤላ ከሩስያ የመጣች መሐንዲስ ናት፤ አጭር፣ ድምፀ ወፍራም፣ ሁለት መነጽር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ አንዱ ለስክሪን፣ አንዱ ለሰው። የሰው መነጽሯን ካደረገች ጥያቄ መጣ ማለት ነው። ለቅጥር የቀረብሁ ዕለት ስለ ኮምፒዩተር አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

«አስተማሪ ከነበርህ፣ የትኛው ተማሪ ነው የሚያሳስብህ?» አለችኝ።

«አልገባኝም የሚለው አያሳስበኝም» አልኋት። «ገባኝ ብሎ ቶሎ የሚነሣው ነው።»

«ነገ ጠዋት ና» አለችኝ። ቅጥሬ በዚሁ አለቀ።

ሥራውን ያስተማረችኝ በልማዷ ነው። አንድ ቁልፍ ከመጫኗ በፊት የምትሠራውን ጮክ ብላ ትናገራለች፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው ባይኖርም ትናገራለች። ሥራው ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ የሚበራውን አረንጓዴ ምልክት አታምንም። «አረንጓዴው ስለ ራሱ ነው የሚያወራው» ትላለች። ከዚያ መኪናዋን አስነሥታ ወደ ማገገሚያ ቤቱ ትሄዳለች፤ ነርሷን ትንሽ ተነሽልኝ ብላ ወንበሯ ላይ ትቀመጥና የአንድ ሕመምተኛ ፋይል ራሷ ከፍታ ታያለች። ከተጠቃሚው ወንበር ላይ ሆነህ ካላየኸው አላየኸውም፤ እምነቷ ይህ ነበር። ደግሞም ከዝውውር በፊትና በኋላ የእጅ ሰዓቷን ከማሽኑ ሰዓት ጋር ታስተያያለች። በዚህ የሚስቁባት ብዙ ነበሩ። እኔም ከኋላዋ ሆኜ ስቄአለሁ።

ክፉ ወሬ ስትናገር ደግሞ እንዲህ ናት፤ ከበር እንደ ገባች፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ምን እንደ ተበላሸና ምን መደረግ እንዳለበት በሁለት ዐረፍተ ነገር ትጨርሰዋለች። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን በእሷ ቦታ እኔ አፈርሁ። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንደዚያ አይወረወርም። ዘመድ የሞተበት ሰው መንገድ ላይ አይነገረውም፤ ማዕድ ላይ አይነገረውም፤ ደስታ ላይ ያለ ሰውማ ጨርሶ አይነገረውም። ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ እስኪነጋ ተጠብቆ፣ የሚደግፈው ሰው በግራ በቀኙ ከቆመ በኋላ ነው መርዶ የሚረዳው። ዛሬም ቢሆን ይህ ደግ ልማድ ነው እላለሁ። ጥፋቴ ልማዱን ሰርቨር ክፍል ውስጥ ማስገባቴ ነው።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። አንድ ትልቅ ሰርቨር ውስጥ ሃያ ሠላሳ ማሽኖች ይኖራሉ፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር የሆነ ይመስለዋል። ቨርቹዋል ማሽን የምንላቸው እነዚህን ነው። ሰርቨሮቹ ደግሞ እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው። አንዱ ሲያረጅ ወይም ጥገና ሲፈልግ፣ በውስጡ ያሉትን ማሽኖች ሥራ ሳናቋርጥ ወደ ጎረቤቱ እናዛውራለን። መጀመሪያ የማሽኑ ሜሞሪ ይቀዳል። እየተቀዳም ማሽኑ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ ከተቀዳው ውስጥ የሚለወጥ አለ። የተለወጠው እንደገና ይቀዳል፤ ያን ጊዜም ሌላ ይለወጣል፤ እሱም ይቀዳል። ቀሪው በየዙሩ እያነሰ ይሄዳል። እፍኝ የማትሞላ ስትቀር ማሽኑ ከዓይን ጥቅሻ ላነሰ ጊዜ ይቆምና የመጨረሻዋ ቅሪት ታልፋለች፤ ወዲያው በአዲሱ ሰርቨር ላይ ነቅቶ ሥራውን ካቆመበት ይቀጥላል። የሕመምተኛ ስም እየጻፈች ያለች ነርስ ምንም አይታወቃትም። ቤተሰቡ ምሳ እየበላ፣ ማንኪያ ሳይወድቅ፣ ቤቱን ከነሰው ወደ ሌላ ሰፈር እንደ ማዛወር ነው።

ይህን ሥራ ወደድሁት። እውነቱን ለመናገር ኮራሁበትም። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ማሽኑ በአዲሱ ሰርቨር ላይ ሲነቃ ስንት ሰዓት ነው ብሎ አስተናጋጁን ሰርቨር ይጠይቃል፤ የተነገረውንም ሳይጠራጠር ያምናል።

ያ ቀን በበጋው ሙቀት መካከል ነበር። ማታ የቤላ አንድያ ልጅ ታገባለች። ቤላ ጠዋት ለትንሽ ሰዓት መጣችና የአንዱን ማገገሚያ ቤት የላቦራቶሪ ማሽን ወደ አዲሱ ሰርቨር እንዳዛውር ነግራኝ፣ ፀጉሯን ልትሠራ ሄደች። ሰዓቱን እዚህ በአገር ቤት አቆጣጠር እጽፈዋለሁ፤ በልቤ የምቆጥረውም እንደዚያው ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ዝውውሩን ጀመርሁ። ያለ አንዳች እንከን አለቀ። አረንጓዴው በራ። ወደ ማገገሚያ ቤቱ አልሄድሁም፤ የእጅ ሰዓቴንም አላየሁም። ብዙ ጊዜ ስለ ሠራሁት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ስድስት ሰዓት ላይ ከማገገሚያ ቤቱ አንዲት ጸሐፊ ደወለች። የይለፍ ቃሏን ማሽኑ አልቀበል ብሏታል። ከፍቼ ሳየው የማሽኑ ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። አዲሱን ሰርቨር የገጠመው ሰው ሰዓቱን በእጁ ሲሞላ የእስራኤልን ትቶ የግሪንዊችን ሞልቶታል፤ እኔም ሳላጣራ ማሽን አሳፍሬበታለሁ። ማስተካከሉ ዐሥር ደቂቃ ፈጀ። ጸሐፊዋ ገባች፣ አመሰገነችኝ፣ ስልኩን ዘጋች።

ነገር ግን በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የገቡት የደም ምርመራ ውጤቶች የተሳሳተውን ሰዓት እንደያዙ ቀርተዋል። ጥቂት ነበሩ። ማድረግ ያለብኝን ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ለቤላ መንገር፣ እሷም ለማገገሚያ ቤቱ ደውላ «ከአምስት እስከ ስድስት የገቡትን ውጤቶች ሰዓታቸውን አትመኑ» ማለት። ስልኩን አነሣሁ። ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ሁለቱም እየሳቁ ታዩኝ። መልሼ አስቀመጥሁት። በቀጥታ ለማገገሚያ ቤቱ ልደውል ብል ደግሞ፣ እነሱ አለቃዬን ካላናገሩ አያርፉም፤ ዞሮ ዞሮ እሷው ዘንድ ይደርሳል። ሰዓቱ ተስተካክሏል፣ ነገ ጠዋት እነግራታለሁ አልሁ። ልቤ አልከበደውም። እንዲያውም ጨዋነት የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ማታ ሙሉ ልብስ ለብሼ ሠርጉ አዳራሽ ሄድሁ። ቤላ እጄን ይዛ መሐል አስገባችኝና የአገርህን ጭፈራ አሳየን አለችኝ። እስክስታ ወረድሁ፤ አጨበጨቡልኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ቤላ ከሠርጉ የተረፈ ጣፋጭ በካርቶን ይዛ ብቅ አለች። ከወንበሬ ተነሥቼ ነገርኋት። ካርቶኑን አላስቀመጠችውም።

«ያወቅኸው መቼ ነው?» አለች።

«ትናንት፣ እኩለ ቀን ላይ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ካርቶኑን በብብቷ እንደያዘች ማገገሚያ ቤቱ ደወለች። የሆነውን ተናገረች፣ ከዚያ አዳመጠች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። «ማታ የአንዲት ሴትዮ ልብ ቆሟል» አለችኝ። «መልሰውታል። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወስደዋታል። በል ውጤቶቹን አውጣቸው።»

አወጣኋቸው። እትዬ በላይነሽ ይባላሉ፤ የእኛው ወገን ናቸው፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ለማገገም የገቡ፣ ኩላሊታቸውም ደካማ የሆነ። ያን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የወጣው ምርመራ ፖታሲየማቸው ማነሱን አሳየ፤ የልብ ምት የሚጠብቀው ጨው ነው። መድኃኒት ተሰጣቸው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለተኛ ምርመራ ወጣ፤ ፖታሲየሙ ወደ ልኩ ተመልሷል። ማሽኑ ግን ይህን ሁለት ሰዓት ተኩል ብሎ መዘገበው። ስክሪኑ አዲሱን ውጤት ከላይ፣ የቆየውን ከታች ነው የሚደረድረው። ስለዚህ የሦስት ሰዓቱ፣ ያነሰው፣ ከላይ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ተረኛ የሆነው ሐኪም የላይኛውን መስመር አነበበና መድኃኒቱን ደገመው፤ በዚያ ላይ በደም ሥር። ልባቸው የቆመው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነው። እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርሁ።

በስምንተኛው ቀን አረፉ። ሐኪሞቹ ዕድሜያቸውን፣ ኩላሊታቸውንና ስብራቱን ጠቀሱ፤ በዚህ ነው ብሎ የማለ ሰው የለም። እኔ ግን መስመሮቹን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፤ የማውቀውን አውቃለሁ።

ለቅሶ ደረስሁ። አለመሄድ አልቻልሁም፤ መሄዴም ትክክል አልነበረም። ከወንዶቹ መካከል ተቀመጥሁ። ለወንድ ልጃቸው ለአድማሱና ለሴት ልጃቸው ለዝናሽ «እግዜር ያጥናችሁ» አልኋቸው። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በምን እንደማውቃቸው ጠየቁኝ፤ «በሰፈር» አልሁ። ውሸት ነበር፤ ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

መሥሪያ ቤት ስብሰባ ተጠራ። ዳይሬክተሩ ለቤተሰቡ የሚናገረው ማገገሚያ ቤቱ ነው፣ ከእኛ ማንም እንዳይጠጋቸው አለ። ቤላ «መቼ ነው የሚነገራቸው?» አለችው። «በተገቢው ጊዜ» አላት። ተገቢው ጊዜ የሚለው ቃል ለጆሮዬ እንግዳ አልነበረምና ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ኮሪደር ላይ አንድ ሰው «ያ ነገር እኮ ተነግሯቸዋል» ሲል ሰማሁ። ማን እንደ ነገራቸው፣ ምን እንዳሉ አልጠየቅሁም። ቤላ በዓመቱ ጡረታ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ዓመታት በጥንቃቄ ሠራሁ። ከእያንዳንዱ ዝውውር በኋላ ወደየቤቱ እየሄድሁ፣ እየተቀመጥሁ፣ እየከፈትሁ አየሁ፤ ስመጣ የሚደበቁ ነርሶች ነበሩ። ትንሽ ነገር ሲበላሽ ወዲያው እደውላለሁ፤ ምግብ ላይ ይሁኑ ስብሰባ ላይ ግድ አልነበረኝም። አሁን አሁን ማሽኖቹ ራሳቸውን ማዛወር ለምደዋል፤ ሲስተሙ የቱ ሰርቨር እንደ ከበደው አይቶ ራሱ ያሸጋግራቸዋል። የእኔ ሥራ ቁጭ ብሎ ማየት ሆኖ ነበር። ጡረታው ሲመጣ አልከፋኝም።

በወጣሁ በሳምንቱ ቤላን ለመጠየቅ ራማት ፖሌግ ወደሚባለው ሰፈሯ ሄድሁ። አርጅታለች፤ ጉልበቷ አይታዘዛትም። የልጅ ልጆቿን ፎቶ አሳየችኝ፤ ስለ አዳዲሶቹ ሰርቨሮች አወራኋት። በመሐል የሰው መነጽሯን አደረገች።

«የዚያችን ሴትዮ ልጆች ማን ነገራቸው?»

«ማገገሚያ ቤቱ ነግሯቸዋል ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ኮሪደር ላይ ሰማሁ።»

«ከእነሱ ወንበር ላይ ሆነህ አይተኸዋል?»

ቤላ መነጽሩን አወለቀች። «እኔም አላየሁም» አለች። «ይህ የእኔም ጥፋት ነው። ግን በቋንቋቸው ልትነግራቸው የምትችለው አንተ ነህ።»

ሁለት ሽማግሌ ይዤ ልሂድ ብዬ አሰብሁ፤ ለአንዱማ ደውዬለት ነበር። ለምንድን ነው ሲለኝ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ አልሁት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩ ገባኝ፤ ሽማግሌዎቹን የፈለግኋቸው ለዝናሽ ድጋፍ ሳይሆን ለእኔ ጋሻ ነበር። ስለዚህ ብቻዬን አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

ዝናሽ ኪርያት ሀሻሮን በሚባለው ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በአንዱ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ጋን በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሕፃናት ጠባቂ ናት፤ ገና ከሥራ መግባቷ ነበር። ከለቅሶው ወዲህ በሠርግና በበዓል ከሩቅ ሰላም እንባባላለን።

«ጋሼ ደሴ፣ ይግቡ። ማ ካራ፣ ምን ሆኑ? ፊትዎ ልክ አይደለም» አለችኝ።

«ስለ እናትሽ ነው» አልኋት። «አንድ ያላወቅሽው ነገር አለ።»

ተቀመጥን። ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ነገርኋት፤ ዝውውሩን፣ የቀረውን ሰዓት፣ ከላይ የቀረውን መስመር፣ አንሥቼ የመለስሁትን ስልክ፣ ሠርጉን። ለቅሶው ላይ ለሽማግሌው ያልሁትንም ነገርኋት።

«ሁለት ጊዜ ነው የሰጧት?» አለች በመጨረሻ።

«ሁለት ጊዜ።»

«ፖታሲየሙን?»

«አዎ።»

ቃሉን ሐኪም እንደሚጠራው ነበር የጠራችው። ይህን ቃል በዚህን ያህል እንዴት አወቀችው ብዬ ተገረምሁ።

«ታዲያ ሙዙ አይደለማ» አለች።

«የምን ሙዝ?»

«ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሙዝ ወስጄላት ነበር። እህል አልቀምስ ስላለች። ሁለት በላችልኝ፤ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ማታ ልቧ ቆመ ብለው ሲጠሩን ያ ሮፌ፣ ሐኪሙ፣ ዛሬ ምን በላች አለኝ። ነገርሁት። ሙዝ ፖታሲየም አለው፣ ለኩላሊት በሽተኛ አሱር ነው፣ ክልክል ነው አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ ትቶን ገባ። አድማሱ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። በእጅሽ ገደልሻት አለኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ከለቅሶው ሰባት ቀን በኋላ ቃል ተነጋግረን አናውቅም፣ ጋሼ። ልጁን ሲድር አልጠራኝም። እኔም እውነቱን ነው እያልሁ አልፈረድሁበትም። ጋን ውስጥ ለልጆቹ ሙዝ መላጥ ስላቃተኝ ሌላዋ ሴትዮ ናት የምትልጥልኝ።»

«ሁለት ሙዝ ልብ አያቆምም» አልሁ። አንዲት ሴት ሞተች ብዬ ነበር ይህን ሁሉ ዓመት የቆጠርሁት። እኔ ዝም ባልሁባቸው ዓመታት ልጃቸው በእኔ ጥፋት ስትፈርስ እንደኖረች አላወቅሁም ነበር። እንድትረግመኝ ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር።

አልረገመችኝም፤ ይቅርም አላለችኝም። ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና የወንድሟን ስም ፈለገች። ቁጥሩን አላጠፋችውም ነበር። ደወለችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ለእኔ እንደ ነገሩኝ አድርገው ይንገሩት» አለችኝ። «አሁን።»

ብዙ ጠራ። የማያነሣው መስሎኝ ነበር።

«ዝናሽ?» አለ የወንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ።

«ዝናሽ አይደለሁም» አልሁት። «ደሴ እባላለሁ። ስለ እናትህ ሞት ነው የደወልሁት። እህትህ ምንም አላደረገችም።»